ከምርመራ በፊት የሚሰጥ ማረጋጊያ መድኃኒት፦ ማን ይዘዝ፣ እንዴትስ ይታዘዝ?

ኤም.አር.አይ (በማግኔት ኃይል የሰውነትን ውስጥ የሚያነሣ ምርመራ) የታዘዘለት ትንሽ ልጅ ለግማሽ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ሳይንቀሳቀስ እንዲተኛ መጠበቅ አይቻልም። ጠባብ ቦታ የሚያስጨንቃቸው አዋቂዎችም ወደ ማሽኑ ከገቡ በኋላ «አውጡኝ» ብለው ምርመራው የሚቋረጥበት ጊዜ አለ። በኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ቀጭን ካሜራ ሆድን በማየት)፣ የመቅኔ ናሙና በመውሰድ፣ የወለቀ መገጣጠሚያ በመመለስ ጊዜም ሕመሙና ጭንቀቱ ከባድ ስለሆነ በሙያው ሰዴሽን የሚባለውን ማረጋጊያ መስጠት የተለመደ ነው። መድኃኒቱ ለእነዚህ ሕሙማን እንደሚያስፈልግ ብዙ ክርክር የለም። ብዙ ጊዜ ማንም ሳያነሣው የሚታለፈው ጥያቄ መድኃኒቱን ማዘዝ ያለበት ማን ነው የሚለው ነው፤ አደጋውም በአብዛኛው የሚመጣው ይህ ጥያቄ ሳይመለስ ሲቀር ነው።

ምርመራውን የጠየቀው ሐኪም በአንድ ተቋም፣ ማሽኑ ደግሞ በሌላ ተቋም ሲሆን ነገሩ ይከብዳል። በአዲስ አበባ ከመንግሥት ሆስፒታል ወረቀት ተጽፎለት ወደ ግል የምርመራ ማዕከል የሚሄድ በሽተኛ ጥቂት አይደለም። ማዕከሉ «ልጁ ተኝቶ ይምጣ» ሊል ይችላል። አስታማሚው ወደ ሐኪሙ ይመለስና «የሚያስተኛ ነገር ይጻፉልን» ይላል፤ ሐኪሙም ቤተሰቡ ከሩቅ እንደመጣና ቀጠሮው ካለፈ ሌላ ቀጠሮ በቀላሉ እንደማይገኝ እያሰበ ይጽፋል። ከዚያ መድኃኒቱ ከፋርማሲ ተገዝቶ በእናት እጅ፣ በቤት ወይም በታክሲ ውስጥ ይሰጣል። ሐኪሙ አዝዟል፣ ማዕከሉ ጠይቋል፣ ፋርማሲው ሸጧል፤ መድኃኒቱ በሚሠራበት ሰዓት ግን ከሦስቱ አንዳቸውም ልጁ አጠገብ የሉም።

ይህ ጽሑፍ የሚነሣበት መሠረት አንድ ነው። ማረጋጊያውን ማዘዝ ያለበት ምርመራውን ወይም ሕክምናውን የሚያካሂደው ክፍል ነው፤ በክፍሉም ውስጥ ያለው አዛዥ በሽተኛውን በዚያው ዕለት የመረመረ፣ መድኃኒቱ ሲሠራ አተነፋፈሱ እንዲጠበቅ ያደረገና እንቅልፉ ከታሰበው በላይ ቢጠልቅ ሊታደገው የሚችል ባለሙያ መሆን አለበት። ከሩቅ ሆኖ፣ በሽተኛው መቼ እንደሚወስደው ሳያውቅና አጠገቡ ማን እንደሚቆም ሳያረጋግጥ የሚያዝዝ ሐኪም ሊወጣው የማይችለውን ኃላፊነት በፊርማው ይሸከማል።

ምክንያቱን ለመረዳት የማረጋጊያን ባሕርይ ማወቅ ያስፈልጋል። የአሜሪካ የአንስቴዚዮሎጂስቶች (የሰመመን ሐኪሞች) ማኅበር በ1999 እ.ኤ.አ. ባወጣው አከፋፈል መሠረት ከቀላል መረጋጋት እስከ ሙሉ ሰመመን አራት ደረጃዎች አሉ። በመጀመሪያው ሰውየው ነቅቶ ይነጋገራል፤ በሁለተኛው ያንቀላፋል፣ ነገር ግን ሲጠሩት ወይም በቀስታ ሲነኩት ይመልሳል፤ በሦስተኛው የሚነቃው ደጋግመው ሲነኩት ወይም የሚያሳምም ነገር ሲነካው ብቻ ሲሆን አተነፋፈሱም እርዳታ ሊፈልግ ይችላል፤ በአራተኛው በምንም አይነቃም። በእነዚህ ደረጃዎች መካከል አጥር የለም። አንዱን በሽተኛ ፈገግ እያለ እንዲተኛ የሚያደርግ መጠን፣ ሌላውን ያው ዕድሜና ያው ክብደት ያለውን በሽተኛ ትንፋሹ እስኪታፈን ሊያደርሰው ይችላል። ስለዚህም ነው ማንኛውም ማረጋጊያ ሰጪ ካሰበው ደረጃ አንድ ደረጃ ጠልቆ የሄደን በሽተኛ የመመለስ ችሎታ ሊኖረው ይገባል የሚባለው። ሁለተኛውን ደረጃ አስቦ የሚሰጥ ባለሙያ ሦስተኛው ላይ የደረሰን በሽተኛ አየር ቧንቧ ከፍቶ በአምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ አየር በሚሰጥ ከረጢት) ማስተንፈስ መቻል አለበት፤ ይህን ደግሞ እናት በታክሲ ውስጥ ልታደርገው አትችልም።

የሕፃናት ሰመመን ሐኪሙ ቻርልስ ኮቴና ባልደረቦቻቸው በ2000 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በማረጋጊያ ምክንያት ጉዳት የደረሰባቸውን ሕፃናት መዛግብት መርምረው ባወጡት ጥናት ካዩአቸው 95 አጋጣሚዎች 51ዱ በሞት የተጠናቀቁ ነበሩ። ከእነዚህ ሕፃናት መካከል መድኃኒቱን ሕክምና ተቋም ከመድረሳቸው በፊት የወሰዱ፣ ወይም ከተቋሙ ከወጡ በኋላ በመኪና ውስጥና በቤት የተጎዱ ይገኙበታል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ መመሪያም ለልጆች ማረጋጊያ ያለ ሕክምና ክትትል በቤት እንዳይሰጥ የሚያሳስበው በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ምርመራውን የሚጠይቀው ሐኪም ድርሻው ምንድን ነው? ድርሻው ትንሽ አይደለም፤ ማረጋጊያ ማዘዝ ግን ከእርሱ ድርሻ ውጭ ነው። የበሽተኛውን ታሪክ ከማንም በላይ የሚያውቀው እርሱ ስለሆነ ያንን ዕውቀት በመጠየቂያው ወረቀት ላይ ማስፈር ይጠበቅበታል። «የጭንቅላት ኤም.አር.አይ» ብሎ ብቻ የጻፈ ሐኪም ተቀባዩን ክፍል በጨለማ ውስጥ ጥሎታል። የሚከተለውን ዓይነት ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር መጨመር ብዙ ጊዜ አይወስድም፦ «ዕድሜ 4 ዓመት፣ ዛሬ የተለካ ክብደት 15 ኪሎ። የሚጥል በሽታ ስላለበት ፌኖባርቢታል በየቀኑ ይወስዳል። ሌሊት በኃይል ያንኮራፋል፤ ቶንሲሉ ትልቅ ነው። ከሳምንት ወዲህ የጠዋት ራስ ምታትና ትውከት አለው። ሳይተኛ ምርመራውን ማድረግ የሚችል ስለማይመስለኝ የማረጋጊያ አስፈላጊነት በክፍላችሁ ይታይ።» በዚህ አጭር ጽሑፍ ውስጥ ተቀባዩን የሚያስቆሙ ሦስት ነገሮች አሉ። ፌኖባርቢታል ራሱ የሚያስተኛ መድኃኒት ስለሆነ ሌላ ሲጨመርበት ውጤቱ ይደራረባል። ማንኮራፋቱና ቶንሲሉ ሲተኛ አየር ቧንቧው ሊዘጋ እንደሚችል ይናገራሉ። የጠዋት ራስ ምታትና ትውከት ደግሞ በጭንቅላት ውስጥ ግፊት መጨመሩን ሊያመለክት ይችላል፤ እንዲህ ያለ ልጅ በማረጋጊያ ምክንያት አተነፋፈሱ ሲዳከም በደሙ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተጠራቅሞ ግፊቱን ያባብስበታል። ይህ ልጅ በአንስቴዚዮሎጂስት ወይም በአንስቴቲስት (በሰመመን ባለሙያ) እጅ እንጂ በሽሮፕ የሚተኛ አይደለም።

ጠያቂው ሐኪም ከመጻፉ በፊት ማረጋጊያው በእርግጥ ያስፈልጋል ወይ ብሎ መጠየቅም ይገባዋል። ሲቲ ስካን የሚነሣው በሰከንዶች ስለሆነ ብዙ ልጆች እናታቸው አጠገባቸው ሆና ካባበለቻቸው ያለ መድኃኒት ይነሡታል። ገና ጥቂት ወራት የሆነው ጨቅላ ጡት ጠግቦ፣ በደንብ ተጠቅልሎ፣ ጆሮው ተሸፍኖ በተፈጥሮ እንቅልፉ ኤም.አር.አይ መነሣት ይችላል። ጠባብ ቦታ የሚያስጨንቀውን አዋቂ ደግሞ ማሽኑ እንዴት እንደሚጮህ፣ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ፣ በእጁ የሚይዘው የጥሪ ቁልፍ እንዳለ አስቀድሞ ማስረዳት፣ ዓይኑን በጨርቅ መሸፈን፣ የሚታየው አካል ከፈቀደም በእግሩ በኩል ማስገባት በርካታ ሰዎችን ያረጋጋል። ለማስረዳት የሚወጣው አሥር ደቂቃ ከማንኛውም እንክብል ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

የምርመራው ክፍል ኃላፊነቱን ሲቀበል ሥራው የሚጀምረው ከትዕዛዝ ወረቀቱ አይደለም፤ ከበሽተኛው ጋር ከመነጋገር ነው። ቀደም ሲል ማደንዘዣ ወስዶ ያውቃል ወይ? ያኔ ምን ሆነ? አለርጂ አለው? ባለፉት ሳምንታት ጉንፋን ወይም ሳል ይዞት ነበር? የልብ፣ የሳንባ፣ የኩላሊትና የጉበት ሕመምስ? በአገራችን ኢንዶስኮፒ ከሚታዘዝላቸው ሕሙማን መካከል በጉበት ሕመም ምክንያት የጉሮሯቸው ደም ሥሮች ያበጡ አሉ፤ የእነዚህ ሰዎች ጉበት እንደ ዳያዚፓምና ሚዳዞላም ያሉትን ማረጋጊያ መድኃኒቶች በቶሎ ስለማያጣራ ትንሽ መጠን ለቀናት የሚዘልቅ መደናገርና ድንዛዜ ሊያመጣባቸው ይችላል። አረቄና ሌላ የአልኮል መጠጥ፣ ጫት፣ ትራማዶል፣ ከባህል ሐኪም የተወሰደ መድኃኒት መኖሩን በግልጽና ያለ ወቀሳ ድምፅ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ በሽተኛው የሚፈርድበት ሰው እንዳገኘ ከተሰማው ይደብቃል። አልኮል አዘውትሮ የሚጠጣ ሰው የተለመደው መጠን ላያረጋጋው ይችላል፤ በዚያው ዕለት ጠጥቶ የመጣ ግን ያው መጠን ትንፋሹን ሊያቆምበት ይችላል።

ስለ ባዶ ሆድ የሚነገረው ትእዛዝ በጽሑፍና በማያሻማ ቋንቋ መሆን ይኖርበታል። በሰፊው የሚሠራበት ደንብ እንዲህ ነው፦ ውሃ፣ እንዲሁም ወተት የሌለው ሻይ ማረጋጊያው ከመሰጠቱ እስከ 2 ሰዓት በፊት፣ የእናት ጡት እስከ 4 ሰዓት በፊት፣ የላምና የዱቄት ወተት ወይም ቀለል ያለ ምግብ እስከ 6 ሰዓት በፊት መውሰድ ይቻላል፤ ቅባት የበዛበት ምግብ 8 ሰዓት ይጠይቃል። አጥሚትና በሶ እንደ ውሃ አይቆጠሩም፤ ቤተሰቡ ግን «የሚጠጣ ነው» ብሎ ሊሰጥ ስለሚችል በስማቸው ጠርቶ መከልከል ይገባል። ጠዋት ጠበል ጠጥቶ የሚመጣ በሽተኛም አለ፤ ጠበሉ ውሃ ቢሆንም በብዛት ሊጠጣ ስለሚችል ምን ያህልና መቼ እንደጠጣ በአክብሮት መጠየቅ ያሻል። በተቃራኒው «ምንም አይቅመስ» የተባለ ሕፃን ቀጠሮው ሲራዘም እስከ ከሰዓት በኋላ ሳይጠጣ የሚቆይ ከሆነ ሰውነቱ ይደርቃል፣ የደሙ ስኳርም ይወርዳል። ስለዚህ ሕፃናትና የስኳር ሕሙማን በጠዋቱ ወረፋ መጀመሪያ ላይ ቢቀመጡ መልካም ነው።

ትዕዛዙ ሲጻፍ የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑ በሚሊግራም፣ የሚሰጥበት መንገድ፣ የሚሰጥበት ሁኔታና ሊታለፍ የማይገባው ጠቅላላ መጠን በግልጽ መስፈር አለባቸው። «አንድ አምፑል ሚዳዞላም» ተብሎ የሚጻፍ ትዕዛዝ አደገኛ ነው። ሚዳዞላም በአንድ ሚሊ ሊትር 1 ሚሊግራም ሆኖም፣ 5 ሚሊግራም ሆኖም ስለሚመረት ያው የሲሪንጅ መስመር አምስት እጥፍ ልዩነት ሊይዝ ይችላል። በብሪታኒያ የሕሙማን ደኅንነት ኤጀንሲ በ2008 እ.ኤ.አ. ለሆስፒታሎች ማስጠንቀቂያ ያስተላለፈው በዚህ መድኃኒት የተነሣ የመጠን ስሕተት ስለተደጋገመ ነበር፤ ኃይለኛው ዓይነት ከተራ ክፍሎች ተነሥቶ በተመረጡ ቦታዎች ብቻ እንዲቀመጥ ተደርጓል። እኛም ዘንድ ከመሳብ በፊት የጠርሙሱን ጽሑፍ ለሁለት ማንበብ ወጪ የለውም። የልጅ ክብደት በግምት ወይም ከወራት በፊት ከተጻፈ ካርድ ሳይሆን በዕለቱ በሚዛን መወሰድ አለበት። በቃል የተላለፈ ትዕዛዝ ወዲያው በጽሑፍ ሰፍሮ ስም፣ ፊርማና ሰዓት ሊኖረው ይገባል። ዳያዚፓምና ሚዳዞላም ቁጥጥር ከሚደረግባቸው የሳይኮትሮፒክ (በአእምሮ ላይ የሚሠሩ) መድኃኒቶች ወገን መሆናቸውንም አዛዡ መዘንጋት የለበትም።

በአፍ የሚሰጥ መድኃኒት ከሁሉ የበለጠ የሚፈትነው በሰዓት ነው። ዳያዚፓም ተውጦ በደም ውስጥ ከፍ የሚልበት ጊዜ በአብዛኛው ከአንድ እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይደርሳል፤ ከሰውነት ግማሹ ለመውጣት ደግሞ ከ20 ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። ጠዋት በቤት የተሰጠው ልጅ ማዕከሉ ሲደርስ መብራት ቢጠፋ ወይም ድንገተኛ በሽተኛ ቀድሞ ቢገባ፣ መድኃኒቱ ዋና ሥራውን የሚሠራው ማንም በማይከታተልበት የመጠበቂያ ወንበር ላይ ነው። ተራው ሲደርስ ልጁ ይነቃል፣ ያለቅሳል፤ አንድ ሰው «ትንሽ ይጨመርለት» ይላል፤ ሁለተኛው መጠን ካልወጣው ከመጀመሪያው ላይ ይደረብና ልጁ ወደ ቤት ሲሄድ በእናቱ ጀርባ ላይ ይጠልቃል። ማሽኑ ሳይከፈት፣ ባለሙያው ሳይቆም፣ በሽተኛው ክፍሉ በር ላይ ሳይደርስ ምንም ማረጋጊያ እንዳይሰጥ የሚደነግግ የክፍል ደንብ ብቻውን ብዙ አደጋ ይከላከላል።

በሥራው ጊዜ ማረጋጊያውን የሚከታተለው ሰው ሌላ ሥራ ሊኖረው አይገባም። ኢንዶስኮፒውን የሚሠራው ሐኪም ዓይኑ ስክሪኑ ላይ ስለሆነ የበሽተኛውን ደረት ማየት አይችልም፤ ዕቃ የምታቀብለው ነርስም እንዲሁ። ስለዚህ አንድ የሠለጠነ ሰው ንቃቱን፣ አተነፋፈሱን፣ የልብ ምቱን፣ የደም ግፊቱንና የኦክስጅን መጠኑን እየተመለከተ በየአምስት ደቂቃው ይመዘግባል። ኦክስጅን፣ የሚሠራ ሳክሽን (ከአፍና ከጉሮሮ ፈሳሽ የሚመጥ መሣሪያ)፣ ለበሽተኛው መጠን የሚሆን ጭንብል ያለው አምቡ ባግና ፐልስ ኦክሲሜትር (በጣት ላይ የሚደረግ የኦክስጅን መለኪያ) መድኃኒቱ ከመሰጠቱ በፊት በእጅ ተነክተው መፈተሽ አለባቸው፤ በካፕኖግራፍ የሚወጣውን ትንፋሽ መከታተል የሚቻልበት ክፍል ደግሞ ይጠቀምበት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የነዋሪው የኦክስጅን ንባብ ሳይነካም ከቆላው ሰው ዝቅ ሊል ይችላል። በመሆኑም መነሻው ቁጥር ከማረጋጊያው በፊት ተለክቶ ካልተጻፈ በኋላ የሚታየውን መውረድ መመዘን ያስቸግራል። በኤም.አር.አይ ክፍል ችግሩ እጥፍ ነው፤ በሽተኛው በማሽኑ ውስጥ ተደብቋል፣ ተራ የኦክስጅን ሲሊንደርና ተራ መቆጣጠሪያም በማግኔቱ ኃይል ተስበው ሰው ሊገድሉ ስለሚችሉ ከቶ ወደ ውስጥ አይገቡም። ለዚያ ክፍል የተሠራ መሣሪያ የሌለው ማዕከል በሽተኛን በማረጋጊያ አስተኝቶ የማንሣት ሥራ ባይጀምር ይሻላል፤ እንዲህ ያለውን በሽተኛ የተሟላ ቡድን ወዳለበት ሆስፒታል ማስተላለፍ ሕሙማኑን ማክበር ነው።

የመመለሻ መድኃኒትም ቢኖር ዘብ መቆምን አይተካም። ፍሉማዜኒል የዳያዚፓምንና የሚዳዞላምን፣ ናሎክሶን ደግሞ የኃይለኞቹን የሕመም ማስታገሻዎች የሞርፊንንና የፔቲዲንን ሥራ ይመልሳሉ፤ ሁለቱም ግን ከሚመልሱት መድኃኒት ቀድመው ሊያልቁ ስለሚችሉ የነቃው በሽተኛ እንደገና ሊተኛ ይችላል። ፍሉማዜኒል የሚጥል በሽታ ባለበት ሰው ላይ መንቀጥቀጥ ሊያስነሣ መቻሉም መታወስ አለበት። ለሰመመን ለሚያገለግሉት ለኬታሚንና ለፕሮፖፎል የመመለሻ መድኃኒት የለም። ፕሮፖፎል በሰመመን ሙያ የሠለጠነ ሰው በሌለበት ክፍል ሊገኝ አይገባም።

በጤና ጣቢያ ወይም በተመላላሽ ክፍል ተቀምጦ «የሚያስተኛ ይጻፉልን» የሚባል ጠቅላላ ሐኪም ምን ያድርግ? በሽተኛውን ባዶ እጁን መመለስም፣ ዝም ብሎ መጻፍም መልካም አይደለም። ለማዕከሉ ስልክ ደውሎ «ማረጋጊያውን የሚሰጥና የሚከታተል ባለሙያ አላችሁ? በየትኛው ቀን?» ብሎ መጠየቅ፣ ከሌላቸው ደግሞ የሰመመን ባለሙያ ያለበትን ሆስፒታል ፈልጎ ቀጠሮ ማስያዝ፣ የበሽተኛውን ታሪክ ከላይ እንደተገለጸው አድርጎ መጻፍ ይገባዋል። ለቤተሰቡም «መድኃኒቱን የሚሰጡት አጠገባችሁ ሆነው የሚጠብቁት ናቸው፤ እኔ ከዚህ ሆኜ ብሰጣችሁ ልጃችሁን አደጋ ላይ እጥላለሁ» ብሎ ቢነግራቸው አይቀየሙትም። ሐኪሙ በሌላ ሰው ግፊት የፈረመው ማዘዣ ቢሆንም ተጠያቂው ፈራሚው መሆኑን ማወቅ አለበት። ተቋማት በየበኩላቸው ከሚልኩባቸው ማዕከላት ጋር ማን እንደሚያዝዝ፣ ማን እንደሚከታተል፣ ክፍያው ስንት እንደሆነና ችግር ቢፈጠር በሽተኛው በምን አምቡላንስ ወዴት እንደሚወሰድ በጽሑፍ ቢስማሙ በየቀኑ የሚደጋገመው ልመና ይቀራል።

በብሪታኒያ የሚኖሩ ወገኖችም ይህ ጉዳይ ይገጥማቸዋል። ኤም.አር.አይ የሚያስጨንቀው ሰው ወደ ቤተሰብ ሐኪሙ ሄዶ ዳያዚፓም ሲጠይቅ «ሆስፒታሉን ጠይቅ» ሊባል ይችላል። ይህ እርሱን ማጉላላት አይደለም፤ የአካባቢ የቤተሰብ ሐኪሞች ኮሚቴዎች ኃላፊነቱ ምርመራውን የሚያደርገው ሆስፒታል እንደሆነ አባሎቻቸውን ስለሚመክሩ ነው። የቀጠሮ ደብዳቤው እንደደረሰ፣ ቀኑ ሳይቀርብ፣ በደብዳቤው ላይ ወዳለው የራዲዮሎጂ ክፍል ስልክ ደውሎ መናገር ይበጃል።

ለአስታማሚዎች የሚሆነው ነገር አጭር ነው። ከቤት ማረጋጊያ ሰጥታችሁ አትምጡ፤ ስጡ ከተባላችሁም «ሲተኛ ማን ይጠብቀዋል?» ብላችሁ ጠይቁ። በሽተኛው የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ከነማሸጊያቸው ይዛችሁ ሂዱ። ከምርመራው በኋላ በሽተኛው በራሱ ነቅቶ ሳይነጋገር፣ ሕፃን ከሆነም እንደ ልማዱ ሆኖ ሳይታይ ከክፍሉ አትውጡ፤ መመለሻ መድኃኒት ተሰጥቶት ከሆነ ደግሞ ተጨማሪ ሰዓት እንዲቆይ ጠይቁ። ሕፃን ይዛችሁ በመኪና ስትመለሱ ከሹፌሩ ሌላ አንድ አዋቂ ከልጁ ጎን ይቀመጥ፤ አንገቱ ወደ ደረቱ ከወደቀ ትንፋሹ ሊዘጋ ስለሚችል ራሱን ቀና አድርጎ ይያዝለት፤ በጀርባም አትዘሉት። አዋቂ በሽተኛ ለ24 ሰዓት መኪና አይንዳ፣ እሳት ዳር ብቻውን አይሁን፣ ውል አይፈርም፣ አልኮል አይቅመስ። ሌሊቱን ጠርታችሁት የማይነቃ፣ ከወትሮው በተለየ የሚያንኮራፋ፣ ከንፈሩ የሚጠቁር ወይም ትንፋሹ የሚቆራረጥ ከሆነ እስኪነጋ ሳትጠብቁ በአቅራቢያችሁ ወዳለ ሆስፒታል ውሰዱት፤ የተሰጠው መድኃኒት ስም፣ መጠንና ሰዓት የተጻፈበትን ወረቀትም ለተረኛው ሐኪም አሳዩ። ይህን ወረቀት ሳትጠይቁ ከምርመራው ክፍል የማይሰጧችሁ ከሆነ ጠይቃችሁ ውሰዱ።